«አረፈች» ወይስ «ተረፈች»? የአንዲት ፊደል ዕዳ

ስለ ስልክ መስመር ጥራት ልጽፍ ነው ብል «አገር እየነደደ ይህ ሰው ስለ ሽቦ ያወራል» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አልፈርድበትም። እኔም ብዕሬን አብዝቼ ያነሳሁት ስለ ምርጫ፣ ስለ እስርና ስለ ስደት ነው። ሆኖም የስልክ መስመር የመሐንዲሶች ጉዳይ ነው ብሎ የተወ ሰው አንድ ቀን በአንዲት ፊደል ይቀጣል። እኔ ተቀጥቼበታለሁ። ከዚያው ልጀምር።

ነገሩ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። እናቴ አዲስ አበባ ውስጥ ከባድ ቀዶ ሕክምና ገብታ ነበር። እኔ ደግሞ ከዋሽንግተን ዲሲ ወጣ ብላ በምትገኝ የቨርጂኒያ ከተማ የምኖር፣ አገር ቤት መግባት የማልችል ስደተኛ ነበርኩ። ያለኝ አማራጭ ስልክ ብቻ ነው። እንደ ብዙዎቻችን ወጪ ለመቀነስ ስል የቤት ስልኬን ከዲ.ኤስ.ኤል ኢንተርኔቴ ጋር በምታገናኝ ትንሽ ሳጥን ላይ ሰክቼ፣ ከሀበሻ ሱቅ የገዛሁትን የአምስት ዶላር ካርድ ፍቄ መደወል ጀመርኩ። ከብዙ ሙከራ በኋላ ታላቅ ወንድሜ አነሳ።

«ወንድም ጋሼ፣ እማዬ እንዴት ሆነች?»

ከጥልቅ ጉድጓድ የሚወጣ የሚመስል ድምፅ «እማዬ … ረፈች» አለኝ።

አማርኛ የምናውቅ ሁሉ ይህች የጎደለች ፊደል ምን እንደምትሸከም እናውቃለን። «ተ» ከሆነች እናቴ ከሞት አፋፍ ተመልሳለች። «አ» ከሆነች እናቴ የለችም። «ወንድም ጋሼ አልሰማሁህም! ምን አልክ?» ብዬ ጮህኩ። እሱም በበኩሉ «ሃሎ! ሃሎ! አይሰማም እኮ!» እያለ ጥቂት ቆየና መስመሩ ተቋረጠ። ደግሜ ብደውል፣ ደግሜ ብደውል አልገባ አለ።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ስድስት ሰዓታት እንዴት እንዳሳለፍኩ መዘርዘር አልሻም። አንድ ነገር ብቻ ልናገር። ራሴን ያጽናናሁት በባህላችን ነው። «መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ወንድሜ እንዲህ አድርጎ አይነግረኝም፤ ለወዳጆቼ ይነግራል፣ እነሱ በማለዳ በሬን ያንኳኳሉ» እያልኩ አሰብኩ። ወዲያው ደግሞ «ስደት ያልቀየረው ባህል የት አለ?» የሚል ሐሳብ ይመጣብኛል። በሬን የሚያንኳኳ እግር እያዳመጥኩ ነጋ። ሊነጋጋ ሲል በጎረቤታቸው የቤት ስልክ፣ በመደበኛውና ውድ በሆነው መስመር ወንድሜን አገኘሁት። «ተረፈች እኮ ነው ያልኩህ!» አለኝ።

ታዲያ «ተ»ን ማን በላት?

ድምፃችን እንዴት ይጓዛል?

ይህን ጥያቄ ይዤ ለወራት ሳነብና ስጠይቅ ቆየሁ። የተረዳሁትን በቀላሉ ላስቀምጥ። በዲጂታል ስልክ የሰው ድምፅ በሰከንድ 8,000 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱ ልኬት በ8 ቢት ይጻፋል፤ ሲባዛ በሰከንድ 64,000 ቢት ይሆናል። የድሮው የስልክ አሠራር ለአንድ ጥሪ ይህን ያህል መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከልሎ ይሰጣል። አይ.ኤስ.ዲ.ኤን የሚባለው ዲጂታል መስመርም እንዲሁ ነበር። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ግን የግልህ ነው፤ ማንም አይጋፋህም።

በኢንተርኔት የሚሄድ ድምፅ ግን የግል መንገድ የለውም። በተለምዶ በየ20 ሚሊ ሰከንዱ እየተቆረጠ፣ በሰከንድ 50 ጥቅል ሆኖ፣ ከሌላው ሰው ፎቶግራፍና ፊልም ጋር እየተጋፋ ይጓዛል። እዚህ ላይ ሦስት ጠላቶች አሉት። አንደኛው መዘግየት ነው። ሁለተኛው ጥቅሎቹ እኩል ጊዜ ጠብቀው አለመድረሳቸው ነው። ሦስተኛው መንገድ ላይ መጥፋት ነው። የዘገየ ኢሜይል ኢሜይል ነው፤ የዘገየ ድምፅ ግን ይጣላል፤ ጊዜው አልፎበታልና። አንዲት «ተ» ለመባል ከአምስት እስከ አሥር ጥቅል ቢበቃት ነው። እነዚያ ከጠፉ «ተረፈች»ን «ረፈች» ለማድረግ ሌላ ምንም አያስፈልግም።

በዚህ ላይ ርካሹ ካርድ አለ። ካርዱ ርካሽ የሚሆነው ድምፃችን ከ64 ኪሎ ቢት ወደ 8 ኪሎ ቢት ተጨምቆ፣ አንዳንዴም መንገድ ላይ ተፈትቶ እንደገና ተጨምቆ፣ ከነጋዴ ወደ ነጋዴ እየተሻገረ ስለሚሄድ ነው። መንገዱ በሳተላይት ካለፈ ደግሞ ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ፣ ወጥቶ ለመውረድ ብቻ ሩብ ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለጥሩ ንግግር የሚመክረው የአንድ አቅጣጫ መዘግየት ከ150 ሚሊ ሰከንድ ባይበልጥ ነው። «ሃሎ» ብለን መልሱ ሲዘገይ፣ እኛም እነሱም በአንድ ጊዜ ስንናገርና በአንድ ጊዜ ዝም ስንል የኖርነው በዚህ ምክንያት ነው። ስንቱ ቤተሰብ «ዘጋኝ»፣ «ተቆጣኝ» ተባብሎ ተቀያይሞ ይሆን? ጥፋቱ ግን የፍጥነትና የርቀት ነበር።

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች

እስከዚህ ድረስ የምወቅሰው ሩቅ ያለውን ነው። አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። በዚያች ጥሪ ውስጥ ጥፋቱ አንድ አልነበረም፤ ሁለት ነበር። እኔ የወንድሜን ቃል አልሰማሁም። ወንድሜም የእኔን ቃል አልሰማም። የመጀመሪያው ከዚያ ወደዚህ የመጣ ድምፅ ነው። ሁለተኛው ግን ከእኔ ቤት የወጣ ነው።

የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪዬን ደጋግሜ ብጠይቅ መጨረሻ ላይ አንድ ቴክኒሻን መጣ። ዲ.ኤስ.ኤል በአሮጌው የመዳብ የስልክ ሽቦ ላይ የሚሄድ አገልግሎት ስለሆነ ቤቱ ከስልክ ማዕከሉ በራቀ ቁጥር እየደከመ እንደሚሄድ፣ የእኔም ቤት ሩቅ እንደሆነ ነገረኝ። ከዚያም ወደ ቤት የሚገባው ፍጥነት ሰፊ ቢሆንም ከቤት የሚወጣው 128 ኪሎ ቢት ብቻ መሆኑን አሳየኝ። ማስታወቂያው ላይ በትልቁ የተጻፈው የሚገባው ነበር። የሚወጣውን ፈልጎ ያነበበ የለም። እኔም አላነበብኩም።

«በዚያች ሰዓት ኮምፒውተርህ ምን እየሠራ ነበር?» አለኝ። አስታወስኩ። በዋሽንግተን ያደረግነውን ሰላማዊ ሰልፍ ፊልም ኢንተርኔት ላይ እየጫንኩ ነበር። ስሌቱ ቀላል ነው፤ 1,500 ባይት የሆነ አንድ ትልቅ የፊልም ጥቅል በ128 ኪሎ ቢት መስመር ለመውጣት 94 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። አሥሩ ከተሰለፉ አንድ ሰከንድ ሊሞላ ነው። የእኔ «ምን አልክ?» ከእነዚያ ጀርባ ተሰልፋ ቀረች። ለሕዝብ ድምፅ የጮህኩበት ፊልም የራሴን ድምፅ ከወንድሜ ጆሮ አገደው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእኔ ነው።

ቴክኒሻኑ በሳጥኑ ላይ ድምፅ ከሌላው ሁሉ ቀድሞ እንዲወጣ የሚያደርገውን አሠራር አስተካከለልኝ፤ አሥር ደቂቃ አልፈጀበትም። በኋላም የሚወጣው ፍጥነት የተሻለ ወደሆነ ሌላ ድርጅት ተዛወርኩ።

የሚጠየቅ ሰው ያለበትና የሌለበት

እንግዲህ ዋናው ነጥቤ ይህ ነው። መስመር በአሜሪካም ይበላሻል፤ ድርጅቱ በአሜሪካም ማስታወቂያውን ያሳምራል። ልዩነቱ መበላሸቱ ላይ አይደለም። ከእኔ ቤት የወጣው ጥፋት ተለካ፣ ባለቤቱ ታወቀ፣ ተስተካከለ፤ ባይስተካከል ጥዬ መሄድ እችል ነበር። «ተ» የጠፋችበትን ቦታ ግን እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። ካርዱን የሸጠው ነው? አሸጋጋሪው ነጋዴ ነው? ተቀባዩ ነው? የምጠይቀው ሰው፣ የማመለክትበት ቢሮ አልነበረም።

ያን ጊዜ አገር ቤት አገልግሎቱን የሚሰጠው መንግሥት፣ የሚቆጣጠረውም መንግሥት፣ የሚያቋርጠውም መንግሥት ነበር። በአፄ ምኒልክ ዘመን 477 ኪሎ ሜትር የስልክ መስመር ከአዲስ አበባ ሐረር የዘረጋች አገር፣ ከመቶ ዓመት በኋላ ዜጎቿ መልእክት እንዳይለዋወጡ ሽቦ ቆራጭ ሆነች። ከምርጫ 97 በኋላ የሞባይል የጽሑፍ መልእክት ከሁለት ዓመት በላይ ተዘግቶ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ደግሞ ከቻይና በ1.5 ቢሊዮን ዶላር ብድር ማስፋፊያ መጣ ተባለ። የተዘረጋው ፋይበርና የደንበኛው ቁጥር በየጊዜው ይነገረን ነበር። የሕዝቡ ቋንቋ ግን «ኔትወርክ የለም» ነበር።

ይባስ ብሎ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ አገልግሎት የሚሰጥን ሰው ከ3 እስከ 8 ዓመት፣ በአገልግሎቱ የተጠቀመውን ደግሞ ከ3 ወር እስከ 2 ዓመት በሚደርስ እስራት እንዲቀጣ ደነገገ። ዋጋው ውድ ሆኖ ሰው በጓሮ በር ሲገባ፣ ዋጋውን በመቀነስ ፈንታ በጓሮ በር የገባውን ማሰር! ከአሜሪካ ደውለን አገር ቤት ያለው ስልክ ላይ የአገር ውስጥ ቁጥር ሲወጣ የነበረው በዚሁ የጓሮ በር ንግድ ነው። ውድነት ኮንትሮባንድን ወለደ፤ ኮንትሮባንድ የተቆራረጠ ድምፅን ወለደ።

ዘመኑ ተቀይሯል፤ ያልተቀየረም አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣ አዋጅ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተቋቋመ። በ2021 ሳፋሪኮም 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ፈቃድ አገኘ፤ በ2022 አገልግሎት ጀመረ። ይህ ጥሩ ነው፤ ጥሩውን ጥሩ ማለት ነውር አይደለም። ዳሩ ግን ከኅዳር 2020 ጀምሮ የትግራይ ሕዝብ ስልክም ኢንተርኔትም ተቆርጦበት ለረዥም ጊዜ ዘመዱ ይሙት ይኑር ሳያውቅ ኖረ። በነሐሴ 2023 በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ። መሐንዲሶች ከመቶ ጥቅል አንዱ ወይም ሁለቱ ሲጠፋ «ጥራቱ ወርዷል» ይላሉ። መንግሥት መስመሩን ሲቆርጠው ከመቶው መቶው ይጠፋል። እኔ በአንዲት ፊደል ስድስት ሰዓት ተሰቃየሁ። ወራት ሙሉ አንዲት ፊደል ያልሰማው ሰው ምን ይበል?

ምን እናድርግ?

በሙያው አንድ የምወደው መለኪያ አለ። የድምፅ ጥራት የሚመዘነው ከ1 እስከ 5 በሚሰጥ ነጥብ ሲሆን፣ የነጥቡ መሠረት የሰሚዎች ፍርድ ነው። መሣሪያው የሰጠው ድርጅት አይደለም፣ ሚኒስትሩም አይደለም፤ የሚፈርደው ያዳመጠው ሰው ነው። በአገራችን ቴሌኮም ላይ መጠየቅ ያለብንም ይህንኑ ነው። ስንት ደንበኛ እንዳለ ብቻ አይነገረን። በየክልሉና በየወረዳው ከተሞከረው ጥሪ ስንቱ እንደገባ፣ ስንቱ መሐል ላይ እንደተቋረጠ፣ ድምፁ ስንት ሚሊ ሰከንድ እንደዘገየ በየጊዜው በይፋ ይታተም። መስመር የሚቆረጠው በማን ትእዛዝና በየትኛው ሕግ እንደሆነ በስም ይታወቅ፤ ያለ ፍርድ ቤት ማንም እንዳይቆርጥ ይከልከል። በውጭ ያሉ ድርጅቶቻችን ለአገር ቤት ባለሥልጣናትም ሆነ ለለጋሾች ደብዳቤ ሲጽፉ ይህን ከጥያቄዎቻቸው አንዱ ያድርጉት።

እኛም በየቤታችን ድርሻ አለን። ዛሬ በዋትሳፕና በቴሌግራም ስንደውልም ሕጉ ያው ነው። የሚገባውን ፍጥነት ብቻ ሳይሆን የሚወጣውን፣ የመዘግየቱንና የሚጠፋውን መጠን ጭምር እንጠይቅ። ከእናታችን ጋር ስንነጋገር ፊልም መጫኑን እናቁም። አረጋውያን ደግሞ ቶሎ የማይሰሙን ጆሯቸው ደክሞ ብቻ አይምሰለን፤ ድምፃችን ዘግይቶ ይሆናልና ታግሠን እንናገር።

እናቴ ከዚያች ቀን በኋላ ሰባት ዓመት ኖረች። በ2014 አንድ ማለዳ በሬ ተንኳኳ። ወዳጆቼ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመው ሳያቸው ማንም ምንም ሳይናገር ገባኝ። ወንድሜ በስልክ አልነገረኝም። ባህሉን ጠብቆልኛል። በእነዚያ ሰባት ዓመታት ግን በየእሑዱ፣ ድምፅ ቀድሞ በሚወጣበት መስመር፣ እናቴን ከነሳቋ ሰምቻታለሁ። ስለ መስመር ጥራት የምከራከረው ለዚህ ነው።

ቸር ወሬ ያሰማን።