ጠባቂና መርማሪ በጣና ዙሪያ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ በሐሙሲትና በወረታ በኩል ወደ ደብረ ታቦር የሚጓዝ መንገደኛ፣ ይልቁንም መከር ተሰብስቦ ምድሩ ቢጫ በሚለብስበት በበጋው ወራት፣ ዐይኑን ወደ ኮረብታው ቢያቀና፣ በተራቆተው እርሻና በተጋጠው መስክ መካከል ክብ ክብ ሆነው የቀሩ ጥቅጥቅ ያሉ ዐፀዶችን ያያል፤ ወደ አንዱም ቢቀርብ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት በዛፎቹ መካከል ብቅ ብሎ ያገኛል። ጽዱ፣ ወይራው፣ ዝግባው፣ ጥቁር እንጨቱና ዋንዛው ከየመንደሩ በምሳርና በማረሻ ሲጠፋ፣ ዘሩ ሳይቋረጥ እስከ ዘመናችን የደረሰው በአብዛኛው በእነዚህ ዐፀዶች ውስጥ ነውና፣ የደቡብ ጎንደርን ጥንታዊ ደን ማየት የሚሻ ሰው ወደ ደብር ይሂድ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህ ሀብት እንዲያው በዕድል የተረፈ አይደለም። አበው ቤተ ክርስቲያንን በዛፍ የከበቧት የገነት አምሳል እንድትሆን አስበው ነው፤ በዙሪያዋ እስከ አርባ ክንድ ድረስ ያለው ስፍራ ከሁሉ ይልቅ የተቀደሰ ስለ ሆነ፣ ለቤተ ክርስቲያኒቱ ሥራ ካልሆነ በቀር በዚያ ውስጥ ዛፍ መቍረጥ ነውርም ኀጢአትም ሆኖ ኖሯል፤ ካህናቱም ዛፍ የሌላት ቤተ ክርስቲያን ልብስ እንደሌለው ሰው ናት ይላሉ። በዘጌ ባሕረ ገብ ምድርማ ሥርዐቱ ከዐፀዱ አልፎ አገሩን በመላ ይዞታል፤ ከጻድቁ ከአቡነ በትረ ማርያም በትር ቡና፣ ጌሾና ሎሚ በቀሉ የሚለውን ትውፊት የተቀበለው ሕዝብ በሬ ጠምዶ እንዳያርስ፣ ከብትም እንዳያረባ ግዝት ተጥሎበት ስለ ኖረ፣ ቡናው እስከ ዛሬ በታላላቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይለቀማል።

እንግዲህ ግዝቱ ሳይፈታ፣ ፈሪሃ እግዚአብሔሩም ሳይጠፋ፣ ስለምን በብዙው አጥቢያ ደኑ ከውስጡ ይመነምናል? ይህን ጥያቄ በጥልቅ ከመረመሩት ሰዎች አንዱ፣ አብዛኛው አንባቢ «እመጓ» በተባለው መጽሐፋቸው የሚያውቃቸው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ናቸው። በድርሰት ከመታወቃቸው አስቀድሞ ሙያቸው የደን ጥናት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ከሆላንዱ ዋኅኒንገን ዩኒቨርሲቲ የዶክትርና ማዕርግ የተቀበሉበትም ጽሑፍ ስለ ኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ደኖች የሚናገር ነው። (ከዚህ በኋላ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ዶክተሩ ከባልደረቦቻቸው ጋር በደቡብ ጎንደር 28 አብያተ ክርስቲያናትን መርጠው በየደናቸው ባደረጉት ቆጠራ 168 ዐይነት እንጨታማ ዕፀዋት አገኙ፤ ከእነዚህም 100ው ዛፍ፣ 51ዱ ቁጥቋጦ፣ 17ቱ ሐረግ ናቸው። ገሚሱ ምድሩ ታርሶ ባለቀበት አውራጃ ይህን ያህል ዘር በካህናት እጅ ተጠብቆ መገኘቱ ሊያስደንቀን ይገባል።

ከሚያስደንቀው ጎን ግን የሚያሳስብ ነገር ተገለጠ። ከደኑ ወለል አፈር ተወስዶ በውስጡ ያለው ዘር ሲመረመር፣ የአብዛኞቹ ዛፎች ዘር በአፈር ውስጥ ተቀብሮ ዓመታትን የሚታገሥ አለመሆኑ ታወቀ፤ ስለዚህ እናት ዛፎቹ አንድ ጊዜ ካለቁ ምድሩ ያንኑ ደን በራሱ ጊዜ መልሶ ያበቅላል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው። ሁለተኛም፣ በደኑ ውስጥ አንዳንዱን ስፍራ አጥረው፣ ሌላውን ሳያጥሩ ትተው፣ በሁለቱም ዘር ዘርተውና ችግኝ ተክለው ቢጠባበቁ፣ ባልታጠረው ስፍራ ከብቱ ቡቃያውን እየጋጠና እየረገጠ ሲያጠፋው፣ በታጠረው ግን የበቀለውም የጸደቀውም እጅግ በልጦ ተገኘ። ከላይ ሲያዩት ግርማው የሚያስፈራው ደን ከሥሩ ተተኪ አልነበረውም።

ካህናቱ ከብት ወደ ዐፀዱ ሲገባ አላዩም ማለት አይደለም፤ በየቀኑ ያያሉ፣ እረኛውንም ይቈጣሉ። ነገር ግን መቶ ዓመትና ሁለት መቶ ዓመት የሚኖር ዛፍ ተተኪ ማጣቱ በአንድ ሰው ዕድሜ አይታወቅም፤ ሽማግሌው ዛፍ ዛሬም እንደ ትናንቱ ቆሞ ይታያልና። ይህን የሚገልጠው ቆጠራና መዝገብ ነው፤ ቆጠራውና መዝገቡ ደግሞ ያለው በመርማሪው እጅ ነው።

ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚያበቃው እዚህ ላይ ነው። መርማሪው መጥቶ ይለካል፣ ሕዝቡን ይጠይቃል፣ ቡናውን ጠጥቶ፣ ተመርቆ ይሄዳል፤ የጻፈው ነገር በባዕድ ቋንቋ፣ ባለቤቱ በማያየው መጽሔት ይታተማል፤ የተጠየቀው ሽማግሌም ምን እንደተባለለት ሳይሰማ ያልፋል። በደቡብ ጎንደር የሆነው ከዚህ የተለየ ነው። ዶክተር ዓለማየሁ፣ ማርጋሬት ሎውማን ከተባሉት አሜሪካዊት የደን ሊቅ ጋር ሆነው ካህናቱን ሰበሰቡና ከሰማይ የተነሣውን የየደብሩን ደን ምስል አሳዩአቸው። በደኑ ውስጥ ቆሞ ሲቀድስ የኖረ ካህን፣ ሰፊ የመሰለው ዐፀድ በእርሻ ተከቦ ምን ያህል ጠባብ እንደ ሆነ ከላይ ሲመለከት የሚሰማውን ሐዘን መገመት አያዳግትም። የምክሩ ፍሬ ነገር ግን መፍትሔው ከእንግዶቹ አለመምጣቱ ነው፤ ደናችንን በድንጋይ ካብ እንጠረው ያሉት ካህናቱ ራሳቸው ናቸው።

ስለዚህ ካብ ጥቂት ልቆይ እወዳለሁ። በዚያ አገር ድንጋይ የገበሬ ጠላት ነው፤ ማረሻ ይሰብራል፣ አፈር ይሻማል፣ ገበሬውም በየዓመቱ እየለቀመ በድንበሩ ላይ ሲከምረው ይኖራል። እንግዲህ ያ ክምር ወደ ደብሩ ተጋዘ፤ ታላላቁ ከሥር፣ አነስ ያለው ከላይ እየሆነ፣ ጭቃም ሲሚንቶም ሳይገባበት ተካበ፤ ለቅዳሴ ለሚመጣው፣ ለቀብር ለሚገባው ምእመን የሚሆን በርም ተተወለት። ጉልበቱ የአጥቢያው ሰው ጉልበት ሲሆን፣ ለሥራው የሚያስፈልገውን ገንዘብ ሎውማን በአገራቸው ከበጎ አድራጊዎች እያሰባሰቡ ረድተዋል። ካቡ እርሻውን ከድንጋይ ያጸዳል፣ ቡቃያውን ከከብት ይጠብቃል፣ የደብሩንም ወሰን ለሚመጣው ትውልድ ያለ ነገረ ፈጅ ይመሰክራል። ከውጭ የሚመጣ የሽቦ አጥር ቢሆን ሲዝግ የሚያድሰው ሲጠፋ ይወድቅ ነበር፤ የፈረሰ ካብን ግን ማንኛውም የመንደሩ ጎልማሳ ለማቅናት ያውቅበታል።

ከእነዚህ ወዲያ፣ ካትሪን ካርዴሉስና ፒተር ስከል የተባሉ የአሜሪካው ኮልጌት ዩኒቨርሲቲ መምህራን ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ይህንኑ አገር አጥንተዋል። ስከልና ጓደኞቻቸው ጣሊያኖች በ1938 ከአውሮፕላን ያነሷቸውን ፎቶግራፎች ከዛሬው ምስል ጋር ቢያስተያዩ፣ በጣና አካባቢ የቤተ ክርስቲያን ደኖች በስፋታቸው ጸንተው መኖራቸውን፣ የጠፋው በዙሪያቸው የነበረው ቁጥቋጦ መሆኑን፣ በብዙው ስፍራም ባሕር ዛፍ መጨመሩን አገኙ። ይህ ለካህናቱ ትልቅ ምስክር ነው፤ መንግሥታት በተለዋወጡባቸው ዓመታት የአደራቸውን ዳርቻ አላስነኩምና። በባሕር ዛፉ ግን የመርማሪውና የደብሩ ሐሳብ ይለያያል። መርማሪው የሀገር በቀሉን ዛፍ ስፍራ የሚሻማ እንግዳ አድርጎ ያየዋል፤ ደብሩ ደግሞ በ1975 በወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ ርስቱን ካጣ ወዲህ ጧፍና ዕጣን የሚገዛበት፣ ጣራ የሚያድስበት ገቢ አድርጎ ያየዋል። እኔ በዚህ ነገር ደብሩን ለመውቀስ አልቸኩልም፤ ሌላ መተዳደሪያ ሳያሳዩ ባሕር ዛፍህን ንቀል ማለት ጭንቁን ሳይካፈሉ መምከር ነውና።

ከባሕር ዳር በስተደቡብ ምዕራብ፣ ውኃው በግልገል ዓባይ በኩል ወደ ጣና በሚወርደው በዳንግላ ወረዳ ደግሞ ሌላ ዐይነት ትብብር ታይቷል። በዳንገሸታ ቀበሌ ከ2014 ጀምሮ የእንግሊዙ ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ መርማሪዎች ያሠለጠኗቸው ነዋሪዎች በደጃቸው በቆመው መስፈሪያ የዝናቡን መጠን፣ በወንዙ ዳር በተተከለው መለኪያ የውኃውን ከፍታ፣ በገመድም የጉድጓዱን ጥልቀት እየለኩ በመዝገብ ይጽፉ ነበር። መርማሪዎቹ መዝገቡን ከመንግሥት ጣቢያዎችና ከሳተላይት ከተገኘው ጋር ቢያመዛዝኑት፣ የገበሬው ልኬት ከእነዚያ የማያንስ፣ አንዳንድ ጊዜም የሚበልጥ ሆኖ አገኙት፤ ይህንንም በ2016 በታተመ ጽሑፍ መስክረዋል። ከሩቅ የሚያይ መሣሪያ በተራራማ አገር የሚጥለውን ዝናብ ሊስት ይችላል፤ በጉድጓዱ ውኃ በበጋ አትክልቱን የሚያጠጣ ሰው ግን ልኩን ማወቅ ለራሱ ኑሮ ይጠቅመዋልና በትጋት ይለካል።

ይህ ነገር በእኛ አገር ብቻ የታየ እንዳይመስለን፣ የሰሜን ዋልታ አጎራባች የሆነውን የአላስካን ታሪክ እንመልከት። በ1977 ዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ ኮሚሽን፣ ሊቃውንት በበረዶው ባሕር የሚኖረው ታላቁ ዓሣ ነባሪ ከሁለት ሺሕ አይበልጥም ብለው ስለ ገመቱ፣ የኢኑፒያት ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ የሚኖርበትን አደን ከለከለ። አዳኞቹ፣ እናንተ የቈጠራችሁት በበረዶው ስንጥቅ በኩል የሚያልፈውን ብቻ ነው፣ ብዙው ከበረዶው በታችና ከዐይን ርቆ ይሄዳል ብለው ተከራከሩ፤ በዚያው ዓመትም የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። በኋላ ከውኃ በታች ድምፅ የሚያዳምጥ መሣሪያ ወርዶ ቢመረመር የአዳኞቹ ቃል እውነት ሆኖ ተገኘ፤ ግምቱም ከአራት ሺሕ በላይ ሆነ፣ በ2011 በተደረገው ቆጠራም ከ16 ሺሕ አለፈ። የአደን ልማዱን ያውቅ የነበረውን ሰው አስቀድመው ቢጠይቁት ኖሮ ያ ሁሉ ጭንቀትና ክርክር ባልመጣ ነበር።

በጣናም እንዲህ ያለ ምክር የሚሻ ነገር አሁን ከፊታችን ተደቅኗል። እምቦጭ በሐይቁ ላይ ከታየበት ከ2011 ጀምሮ የደምቢያና የፎገራ ገበሬ ደረቱ ድረስ ውኃ ውስጥ እየገባ በእጁ ሲነቅለው ኖሯል፤ አረሙ በየትኛው ወር እንደሚስፋፋ፣ ነፋሱም ወደየትኛው ዳርቻ እንደሚገፋው ከዚህ ሰው የተሻለ የሚያውቅ የለም፤ ዕውቀቱ ግን በመዝገብ አልገባም።

ስለዚህ በባሕር ዳር ለምትገኙ መምህራንና ተማሪዎች፣ ከውጭም ለምትመጡ መርማሪዎች የማቀርበው ልመና ይህ ነው፤ ሥራችሁን ስትጀምሩ ሰበካ ጉባኤውን ወይም የቀበሌውን ሽማግሌዎች እናንተስ ምን እንዲታወቅላችሁ ትሻላችሁ ብላችሁ ጠይቁ፤ ስትፈጽሙም ያገኛችሁትን በሁለት ገጽ አማርኛ ጽፋችሁ በሰንበት ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረቱ አስነብቡት፣ ቅጂውንም ለቄሰ ገበዙ አስረክቡ። አንባቢ ሆይ፣ አንተም የተጠመቅህበት ደብር ዐፀድ ካብ የሌለው እንደ ሆነ፣ ለሚመጣው የንግሥ በዓል ስትወርድ ከአጥቢያው ሰዎች ጋር ተማክረህ ሥራውን አስጀምር።