ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ በድሬ ጠያራ፤ ከእደላው በኋላ ስላለው ነገር

ከዚህ ቻናል አንባቢያን መካከል አንዳንዶቻችሁ «ገንዘብ አዋጥተን ለድሬ ጠያራ ገበሬዎች ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ብንሰጥ ምን ይመስልሃል?» ብላችሁ ስለ ጠየቃችሁኝ፣ ለእያንዳንዳችሁ በግል ከመመለስ ይልቅ የማውቀውንና የማምንበትን በአንድነት ጽፌ ማቅረብን መረጥሁ። መልሴ ባጭሩ «ሐሳቡ ሠናይ ነው፤ ዳሩ ግን ምድጃው ከታደለ በኋላ የሚሆነውን ሳታስቡ አትጀምሩ» የሚል ነው። ምክንያቱን ለማስረዳት ግን ከጉልቻው ዘንድ ጥቂት መዘግየት ግድ ይለኛል።

ድሬ ጠያራ፣ ከሶፊና ከኤረር ጋር፣ የሐረሪ ክልል የገጠር ወረዳ ናት፤ ሕዝቧም ማሽላውንና ጫቱን እያለማ የሚኖር ትጉህ ገበሬ ነው። ኤሚር ኑር ባስገነቡት ግንብ የታጠረችው፣ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ የሰፈረችው፣ እንግዳ ሁሉ በአንክሮ የሚመለከታት ጥንታዊቷ የሐረር ከተማ ጁገል፣ ዘወትር በማለዳ የምትቀበለውን የእንጨት ሸክም የሚያመጡላት በዙሪያዋ ያሉት የገጠር ቀበሌዎች ሴቶች በጀርባቸው፣ አህዮችም በጎናቸው ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ልታስተውሉት የሚገባው ነገር እዚህ ላይ አለ፤ ይኸውም ደህናው ፍልጥ በከተማ ገበያ ተሸጦ ጨውና ስኳር ሲሆን፣ ለሸጠችው እናት ምድጃ የሚተርፈው ጭራሮው፣ የማሽላው አገዳና ቅጠሉ የተቀነጠሰለት የጫት እንጨት መሆኑ ነው። አገዳው ደግሞ ለከብት መኖ፣ ለአጥርና ለጎጆ ሥራ ስለሚፈለግ፣ በጉልቻ መካከል የሚነደው እያንዳንዱ ነዶ ከላሚቱ አፍ የተነጠቀ ነው።

የማገዶ ነገር የወጥ ቤት ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ታሪክም ይመሰክራል። ዳግማዊ ምኒልክ በአዲስ አበባ ዙሪያ እንጨት ስላለቀባቸው መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር፤ ከተማይቱንም ከመፈታት ያዳናት ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። በእኛም አካባቢ፣ ሐረር ለብዙ ዓመታት ውኃ የቀዳችበት የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ ሲደርቅ፣ ውኃው ለመስኖ ያለ ልክ መሳቡ ዋነኛው ምክንያት ሆኖ ሳለ፣ ዛፋቸውን ካጡ ኮረብቶች በጎርፍ የወረደው ደለልም ድርሻ እንደ ነበረው የማይካድ ነው።

አሁን ወደ ጉልቻው ልመለስ። ሦስት ድንጋይ ጎልታ፣ ሰፊውን የሸክላ ምጣድ ጥዳ ከምትጋግር እናት አጠገብ ቁጭ ብሎ ያየ ሰው፣ ሥራዋ ምን ያህል ጥበበ እድ የሚጠይቅ መሆኑን ይረዳል። አገዳ እንደ ፍልጥ አይደለም፤ ቦግ ብሎ ነዶ ወዲያው ይከስማል። ስለዚህ አንደኛው እጇ ሊጥ ሲያፈስ ሌላው አገዳ እየሰበረ ይማግዳል፤ ምጣዱ መሐሉ ሲከር ዳሩ ይቀዘቅዛል፤ እሳቱን ወደ ቀዘቀዘው ወገን ለመግፋት ባጎነበሰች ቁጥር ጭሱ ፊቷን ያጥናታል፤ በጀርባዋ ያዘለችው ሕፃንም ያንኑ ጭስ ይምጋል። በሊቃውንቱ ስሌት በክፍት ጉልቻ ከሚነደው ማገዶ ሙቀት ከአሥር እጅ አንዱ ያህል ብቻ ለምጣዱ ሲደርስ፣ የቀረው ለነፋስና ለግድግዳው ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያመለክተው በቤት ውስጥ ጭስ ሳቢያ በ2020 እ.ኤ.አ. በመላው ዓለም 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል፤ ጭስ የወጥ ቤት ወግ ነው እያልን መኖራችን እንግዲህ ይብቃ።

ለዚህ መድኃኒት ይሆን ዘንድ የመንግሥት የኢነርጂ ባለሙያዎች በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ በዓለም ባንክ በተደገፈ ፕሮጀክት፣ ምርጥ የተባለውን የእንጀራ ምድጃ ሠሩ። ኋላም የጀርመኑ የተራድኦ ድርጅት ጂ.ቲ.ዜድ.፣ የዛሬው ጂ.አይ.ዜድ.፣ በየወረዳው ግለሰብ አምራቾችን እያሠለጠነ አስፋፋው። ምርጥ ምድጃ ከሲሚንቶና ከአሸዋ፣ በሚገኝበትም አገር ቀላል ከሆነው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ በቅርጽ ማውጫ እየተጠቀጠቀ የሚሠራ ነው። አራቱ ቁርጥራጮች ሲጋጠሙ ምጣዱን ዙሪያውን የሚከብ ቀለበት ይሆናሉ፤ ሁለቱ ደግሞ ከኋላ በኩል የድስት መቀመጫ ይሆናሉ። ማገዶው ከፊት ባለው አንድ አፍ ይገባል፤ ትኩሱ ጭስ ከኋላ ሲወጣ ከመጥፋቱ በፊት ድስቱን ያሞቃል። አሠራሩ ይኸው ነው፤ ሙቀቱን ከነፋስ መከለልና የተረፈውን ዳግመኛ ለሥራ ማዋል። ያለ ጭስ ማውጫ የተተከለ ምድጃ ግን ጭሱን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውምና፣ ወጥ ቤቱ መስኮት ያስፈልገዋል።

ምርጥ ምድጃ የማገዶን ግማሽ ያተርፋል ተብሎ ብዙ ጊዜ ይነገራል፤ በቤተ ሙከራ ሲለካ ሐሰት አይደለም። በአገራችን የገጠር ቤቶች እናቶች ራሳቸው እየጋገሩ በተደረገና በ2018 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ግን የተገኘው ቁጠባ ከ22 እስከ 31 በመቶ ነበር። እኔ ይህን ቁጥር ከፊተኛው አብልጬ እወደዋለሁ፤ የእናቲቱን እርጥብ ጭራሮ፣ ያልተስተካከለ መደብና የሕፃን ልቅሶ ሁሉ ያስገባ ነውና። ለድሬ ጠያራ ደግሞ ቀላል ትርፍ አይደለም፤ የማሽላ እንጀራ እንደ ጤፍ እንጀራ ልስላሴውን ብዙ ቀን ስለማይጠብቅ ቶሎ ቶሎ ይጋገራልና፣ ቁጠባው በየምጣዱ እየተደመረ ይሄዳል።

ታዲያ ስለ ምን ታድሎ ሲያበቃ በየጓሮው ተጥሎ የዶሮ መውጫ የሆነ ምድጃ እናያለን? በዓይኔ ካየሁት ልናገር። የምድጃው ቅርጽ የተሠራው አግድም ስፋቱ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ለሆነ ምጣድ ነው፤ በገበያ የተገዛው የሸክላ ምጣድ ግን በእጅ የተሠራ ነውና ሲጠብ ሲሰፋ ይኖራል። ከጠበበ ወደ ውስጥ ይሰምጣል፤ ከሰፋ ዳሩ ሙቀት አያገኝም፣ የመጀመሪያው እንጀራም ሳይበስል ሲነሣ እናቲቱ በምድጃው ላይ ያላት እምነት አብሮ ይነሣል። አፉ ለፍልጥ የተለካ በመሆኑም ረጅሙ አገዳ አልገባ ሲላት በድንጋይ ሰብራ ታሰፋዋለች፤ በዚያች ሰዓት ምድጃው መልሶ ጉልቻ ሆነ። በማለዳ ደግሞ ቤተ ሰቡ ሆጃ የተባለውን ትኩስ መጠጥ መጠጣት አለበት፤ ለአንድ ጀበና ሆጃ ትልቁን የእንጀራ ምድጃ የሚያነድ ማንም የለምና፣ ሦስቱ ድንጋዮች ከጎን ተቀምጠው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ይህ የእናቲቱ ስንፍና አይደለም፤ ቤቷን እኛ ከምናውቀው አብልጣ ማወቋ ነው። ስለዚህ ከእንጀራው ምድጃ ጋር «ትክክል» የተባለውን የድስት ምድጃ ወይም እሱን የመሰለ ትንሽ ምድጃ መጨመር የግድ ነው።

የጎረቤታችንንም ትምህርት እንውሰድ። ከጅግጅጋ ባሻገር በቀብሪበያህ የስደተኞች መጠለያ፣ ጋያ የተባለው ማኅበር ከ1998 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በኤታኖል የሚነድ ምድጃ አስገብቶ፣ ሴቶቹን እንጨት ፍለጋ በረሃ ከመውረድ አሳርፎ ነበር። ነዳጁ ግን ይመጣ የነበረው እጅግ ሩቅ ከሆነው ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ሲሆን፣ ኤታኖል ከመኪና ቤንዚን ጋር መደባለቅ ሲጀምር ለምድጃው ብርቱ ተሻሚ መጣበት። የምርጥ ምድጃ ነገር በዚህ ረገድ ይሻላል፤ ማገዶው እዚያው ነው፤ የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ የተተከለባት ድሬዳዋም ቅርባችን ናት። ይሁን እንጂ የሲሚንቶ ዋጋ በናረ ቁጥር የገጠሩ አምራች ቅርጽ ማውጫውን እየሰቀለ ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳል፤ ነፃ እደላም ሲመጣ ገዢውን ስለሚያሳጣው ያንኑ አምራች ይጎዳዋል።

መንግሥት በ2004 ዓ.ም. ይፋ ባደረገው ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ፣ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃን ቅድሚያ ከሰጣቸው አራት ሥራዎች አንዱ አድርጎታል፤ ይህ ታላቅ ነገር ነው። የእኔ ቅሬታ በአቈጣጠሩ ላይ ነው፤ ስንት ታደለ ብለን እንጽፋለን፣ ስንት ይነዳል ብለን ግን ተመልሰን አንጠይቅም።

እንግዲህ ማዋጣት ለምትፈልጉ ልመናዬ ይህ ነው። ምድጃ ከመግዛታችሁ በፊት የእያንዳንዷን እናት ምጣድ በገመድ አስለኩ። በወረዳው ያሉ ወጣት ሴቶች አምራቾች እንዲሆኑ አሠልጥኑ፣ ቅርጽ ማውጫውንም በእጃቸው ተዉላቸው። ምድጃውን በነፃ ከማደል ይልቅ በመረዳጃ ማኅበራቸው በአፎሻ ወይም በእቁባቸው በኩል እየከፈሉ የሚወስዱበትን መንገድ አብጁ፤ የእናንተ ገንዘብ ለሲሚንቶው ዋጋ መደገፊያ ይሁን። ከምታዋጡትም ላይ ከክረምቱ በኋላ ተመልሶ ለሚጎበኝ፣ የተሰነጠቀውን በጭቃ ለሚመርግና የተሰበረውን ለሚተካ ባለሙያ አበል አስቀሩ። ይህን ለመፈጸም ፈቃደኛ የሆነ ሰው በዚህ ቻናል ይጻፍልኝ፤ እኔም አብሬው ድሬ ጠያራ እወርዳለሁ።