ከሮቤ እስከ ጅዳ፦ ናፍቆትና ስልክ

 

የሮቤ ሰው ለሶላት ሲቆም ፊቱን የሚያዞረው ወደ ሰሜን ነው። ሮቤና መካ ከሰሜን ወደ ደቡብ በተሰመረ አንድ መስመር ላይ ያሉ ያህል ናቸውና። የሰዓት አቆጣጠሩም አንድ ነው። ስለዚህ ሮቤ ላይ የዙህር አዛን ሲሰማ፣ ጅዳ ውስጥ በሰው ቤት ለምትሠራው የባሌ ልጅም ወቅቱ በጥቂት ደቂቃ ልዩነት ይገባላታል። ርቀትን ስለሚያሳንስ ነገር ስናወራ አስቀድሞ ትዝ የሚለን ይህ ነው፤ ስልክ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

በየቤቱ ስልክ ባልነበረበት ዘመን ከሮቤም ሆነ ከጎባ ወደ ዓረብ አገር የሄደ ሰው ድምፁን በካሴት ቀድቶ በመንገደኛ ይልክ ነበር። ካሴቱ ሲደርስ ጎረቤት ይጠራል፣ ቡና ይፈላል፣ ቴፑ መሃል ላይ ይቀመጣል። ሰላምታው ብቻ የካሴቱን አንድ ገጽ ሊጨርስ ይደርሳል፤ አጎት፣ አክስት፣ ጎረቤት፣ ላሟ ሳትቀር በየስሟ ትጠየቃለች። ችግሩ መዘግየቱ ነበር። እናት «ደኅና ነኝ» ብላ የቀዳችው ድምፅ ልጇ ዘንድ ሲደርስ እሷ አልጋ ላይ ውላ ሊሆን ይችላል።

ተንቀሳቃሽ ስልክ ወደ አገራችን የገባው በ1991 ዓ.ም. ነው፤ ያውም መጀመሪያ አዲስ አበባ ብቻ። ዛሬ ግን በኢሞና በዋትስአፕ ፊት ለፊት መተያየት የተለመደ ሆኗል። ሮቤ ውስጥ ቡና የጋበዙን አንዲት እናት እንዳጫወቱን፣ ጅዳ ያለችው ልጃቸው ስትደውል መጀመሪያ የምትለምናቸው ስልኩን ወደ ውጪ እንዲያዞሩላት ነው። የስንዴውን ማሳና ጭጋጉን ማየት ትፈልጋለች። ዝናብ ከሆነ ደግሞ ዝም ብላ ታዳምጣለች። ጅዳ ላይ ዝናብ ብርቅ ነው።

ይህ የልጅ ቅብጠት የሚመስለው ካለ፣ ሰይዲና ቢላልን (ረ.ዐ.) ያስታውስ። መዲና እንደ ገቡ በንዳድ ተይዘው ሳለ፣ ትኩሳቱ በረድ ሲልላቸው የመካን ሸለቆ፣ ሣሩንና ውሃውን እያነሱ ይናፍቁ ነበር። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) መዲናን እንደ መካ ተወዳጅ እንዲያደርግላቸው አላህን ለመኑ።

ስልክ የማያሳየውም አለ። ልጅቷ የምትታየው ከትከሻዋ በላይ ነው፣ ያውም ፊቷን ታጥባና ፈገግ ብላ። የካሴቱ ዘመን «ደኅና ነኝ» ዛሬም አልቀረም፤ በምስል ሆነ እንጂ። እኛም ቤተሰቦችን የምንወቅሰው እዚህ ላይ ነው። ስለ ቆርቆሮውና ስለ ወንድሟ ትምህርት ክፍያ ከማንሳት በፊት ስንት ሰዓት እንደምትተኛ መጠየቅ ምን ይከብዳል? ማልቀስ ካማራትም ታልቅስ፤ ወጪው የእሷ ነው።

ደግሞም መስመሩ ይቋረጣል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ሲዘጋ፣ በውጭ ያሉ ልጆች በቤታቸው ምን እንደደረሰ ለማወቅ ውድ የሆነውን ተራ የስልክ ጥሪ ከመጠቀም ሌላ አማራጭ አልነበራቸውም። ስልኳን አሠሪዋ የሚቀማባት ልጅ ግን ያም የላትም።

የእኒያ እናት ልጅ ይህ ደርሶባታል። ከሁለት ሳምንት በላይ ድምፅዋ ጠፋ። እናት እንቅልፍ አጥተው ስልኩን ከራስጌያቸው አልለይም ብለው ከረሙ። አንድ ምሽት ከዒሻእ በኋላ ከማያውቁት ቁጥር ተደወለ፤ እሷ ነበረች፣ በጎረቤት ሠራተኛ ስልክ። ከቤት ስትወጣ የእናቷን ቁጥር በቃሏ ይዛ ነበር። እናትየው አሁን ልጆቻቸው አዲስ ስልክ ሲገዙላቸው ይቀበላሉ፤ ቁጥሩን ግን ማንም እንዲቀይርባቸው አይፈቅዱም።