የሚታየውና የማይታየው፦ ወላጆች የሕፃናት ማቆያና መዋዕለ ሕፃናት ሲመርጡ የሚያወዳድሩት ምንድን ነው?



ለዚህ ሕዝባዊ ንግግር የመረጥሁት ጉዳይ ላይ ላዩን ሲታይ የቤት ውስጥ ጉዳይ ይመስላል። በየዓመቱ ክረምት ሲገባ በአዲስ አበባ ብዙ ወላጆች ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው እየተዘዋወሩ «ልጄን የት ላስገባ?» ይላሉ። ጎረቤት ይጠይቃሉ፤ የሥራ ባልደረባ ያማክራሉ፤ ክፍያ ያነጻጽራሉ፤ በመጨረሻም አንዱን መርጠው ያስመዘግባሉ። ውሳኔው የአንድ ቤተሰብ ቢሆንም በብዙ ሺህ ቤት ሲደጋገም የከተማው የሕፃናት ተቋማት ምን ዓይነት መልክ እንደሚይዙ የሚወስን ኃይል ይሆናል።

የዛሬው ንግግሬ ዋና ሐሳብ አጭር ነው። ወላጅ የሚያወዳድረው የሚታየውን ነው፤ ለሕፃኑ እድገት ወሳኝ የሆነው ግን በአንድ ጊዜ ጉብኝት የማይታየው ነው። ተቋማት ደግሞ የሚያሻሽሉት የሚጠየቁበትን ነው። ይህ ከሆነ የወላጅ ጥያቄ ሲለወጥ የተቋሙም ጠባይ ይለወጣል ማለት ነው። እስከ ምን ድረስ የሚለውንም በመጨረሻ አነሣዋለሁ።

በመጀመሪያ ስያሜዎቹን ለይተን እንያዝ። የሕፃናት ማቆያ፣ በተለምዶ ዴይ ኬር የምንለው፣ ከጥቂት ወራት ዕድሜ ጀምሮ እስከ ሦስት ዓመት ገደማ ያሉ ሕፃናት ወላጆቻቸው ሥራ ላይ ሳሉ የሚውሉበት ቦታ ነው። መዋዕለ ሕፃናት ወይም ኬጂ በአብዛኛው ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ያሉትን ይቀበላል። ኦ ክፍል የሚባለው በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ከአንደኛ ክፍል በፊት የሚሰጥ የአንድ ዓመት ዝግጅት ነው። ሁሉንም በዕድሜ የሚቀድሙት የቄስ ትምህርት ቤትና የቁርኣን ትምህርት ቤት ናቸው፤ ኬጂ የሚለው ቃል ከመታወቁ በፊት ብዙ ልጆች ፊደል የቆጠሩት በእነርሱ ነው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መዋዕለ ሕፃናት በሕፃኑ ሁለንተናዊ እድገት ላይ እንዲያተኩር አድርጓል፤ ማስፋፋቱ ግን በአብዛኛው ለግል ባለሀብቶች፣ ለሃይማኖት ተቋማትና ለማኅበረሰቡ ቀረ። ስለዚህ መዋዕለ ሕፃናት የከተማ ነገር ሆነ። ያንግ ላይቭስ የተባለው፣ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው የረጅም ጊዜ ጥናት በኢትዮጵያ በተከታተላቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2001 እና በ2002 በተወለዱ ልጆች ላይ ልዩነቱ ጎልቶ ታይቷል። ከከተማዎቹ ልጆች ከግማሽ በላይ ቅድመ መደበኛ ትምህርት ሲያገኙ፣ ከገጠሮቹ ከ100 ልጆች 5 እንኳ አልሞሉም። በ2002 ዓ.ም. ብሔራዊ የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት ፖሊሲ ማዕቀፍ ከወጣ ወዲህ ኦ ክፍል በስፋት ተከፍቷል፤ በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ቅድመ አንደኛን የሁለት ዓመት እርከን አድርጎታል። ይህን የማነሣው ስለ ምርጫ ስንነጋገር የሚመረጥ ነገር ስላላቸው ወላጆች ብቻ እየተነጋገርን መሆኑን እንዳንዘነጋ ነው።

ምርጫ ባለበት ከተማም ቢሆን ችግሩ ገና ከመጀመሪያዎቹ ወራት ይነሣል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት የክፍያ ፈቃድ ይሰጣል፤ ለአባት 3 ቀናት። የዓለም የጤና ድርጅት ደግሞ ሕፃን እስከ ስድስት ወር ድረስ የእናት ጡት ብቻ እንዲጠባ ይመክራል። አባቶቻችን «ልጅ በጡት፣ እህል በጥቅምት» ሲሉ የነገሩን በሕጉና በምክሩ መካከል የሦስት ወር ክፍተት አግኝቷል። ከዚያም በላይ፣ ፈቃዱ በሦስተኛው ወር ሲያበቃ ኬጂ የሚቀበለው ከሦስትና ከአራት ዓመት ወዲያ ነው። በመካከሉ ያሉትን ዓመታት ማን ይይዛል? በቀድሞው ኑሮ አያት፣ አክስት፣ ጎረቤት ይይዙ ነበር። ዛሬ አያት ክፍለ ሀገር ናት፤ የኮንዶሚኒየም ጎረቤትም በየሥራው ይውላል። የቀረው የቤት ሠራተኛ ወይም የሕፃናት ማቆያ ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 በመሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲቋቋም ማዘዙ ይህን ክፍተት በመገንዘብ ነው።

እንግዲህ ወላጅ ሲመርጥ ምን ያያል? በር ላይ የተሣለውን ሥዕል ያያል፤ የመጫወቻውን ብዛት፣ የግድግዳውን ቀለም፣ ዩኒፎርሙን፣ የሰርቪሱን መኪና ያያል። በዓመቱ መጨረሻ የስድስት ዓመት ልጆች ጋዋን ለብሰው ሲመረቁ ያያል። ደብተር ሲከፍት የቤት ሥራ ያያል፤ ልጁ በእንግሊዝኛ ሲቆጥር ይሰማል። እነዚህ ሁሉ ከንቱ ናቸው አልልም። ነገር ግን ሁሉም አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው፤ ወላጅ ባለበት ሰዓት የሚታዩ ናቸው።

የማይታየው ወላጅ ከሄደ በኋላ ያለው ነው። አንዲት ሞግዚት ስንት ሕፃን ትይዛለች? ሕፃኑ ሲያለቅስ በምን ያህል ጊዜ ውስጥ ማን ያነሣዋል? ሲያጉተመትም መልስ የሚሰጠው አለ? ባለፈው ዓመት የነበረችው ሞግዚት ዘንድሮም አለች? በእድገት ጥናት ውስጥ የጥራት እምብርት የምንለው ይህ ነው። ሕፃን የሚማረው ከሰው ጋር በመመላለስ ነው፤ እርሱ ድምፅ ያሰማል፣ ትልቁ ሰው ይመልስለታል፣ እርሱ ደግሞ ይቀጥላል። ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። «እንቆቅልሽ» ሲባል «ምን አውቅልሽ» ብሎ የሚመልስ ልጅ፣ «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» የሚል ልጅ ተራ ጠብቆ መናገርን፣ ማዳመጥን፣ ቃላትንም የተለማመደው በዚህ መመላለስ ነው።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1991 ተጀምሮ ከ1,300 በላይ ልጆችን በ10 አካባቢዎች የተከታተለው የብሔራዊ የሕፃናት ጤናና የሰው ልጅ እድገት ተቋም ጥናት ይህን በሰፊው መርምሯል። ከግኝቶቹ ሁለቱን ብቻ ልጥቀስ። የመጀመሪያው፣ የተሻለ እንክብካቤ ያገኙ ልጆች በቋንቋና በአስተሳሰብ በመጠኑ የተሻሉ ሆነው ተገኝተዋል። ሁለተኛው፣ የቤተሰቡ ሁኔታና የወላጆች አያያዝ ከማቆያው ይበልጥ ከልጁ እድገት ጋር የተያያዘ ነበር። ሁለተኛው ግኝት ልጁን ማቆያ ያስገባችን እናት ሊያጽናና ይገባል፤ የመጀመሪያው ግን የትኛውም ማቆያ አንድ ነው እንዳንል ይከለክለናል። ጥናቱ እንደ መለኪያ የወሰደው የባለሙያዎች ምክር ለአንዲት ተንከባካቢ ከ6 እስከ 18 ወር ያሉ 3 ሕፃናት፣ እስከ 2 ዓመት 4፣ እስከ 3 ዓመት 7 የሚል ነበር። ቁጥሩ የባለጸጋ አገር ቁጥር ነው፤ እንዳለ ይገልበጥ አልልም። መልእክቱ ግን ለእኛም ይሠራል፤ ሕፃኑ ባነሰ ቁጥር የሚያስፈልገው እጅ ይበዛል።

ወላጆች ይህን ጥራት ለይተው ያውቁታል? ዴቢ ክራየርና ማርጋሬት በርቺናል እ.ኤ.አ. በ1997 ያሳተሙት ጥናት የወላጆችን ግምገማ ከሠለጠኑ ታዛቢዎች ግምገማ ጋር አነጻጽሮ፣ ወላጆች ለተመሳሳይ ክፍሎች እጅግ ከፍ ያለ ነጥብ እንደሚሰጡ አሳይቷል። ልብ በሉ፤ ወላጆቹ ለታዛቢዎቹ ዋና የነበሩትን ጉዳዮች እነርሱም ዋና ናቸው ብለው ነበር። የጎደላቸው ፍላጎት ሳይሆን የማየት ዕድል ነው። እንዲያውም ለማየት የሚያስቸግሩት ነገሮች ላይ የግምት ልዩነቱ ይሰፋል።

ይህ ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ የጻፈውን ያስታውሰናል። ገዢ መልካሙን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ለመልካሙ ተጨማሪ ዋጋ አይከፍልም፤ ተጨማሪ ካልተከፈለውም መልካሙ ከገበያ ይወጣል። ሒሳቡን ወደ ማቆያ እናምጣው። አንዲት ሞግዚት 4 ሕፃናት ብትይዝ እያንዳንዱ ቤተሰብ የደመወዟን ሩብ ይሸከማል፤ 12 ብትይዝ አንድ አሥራ ሁለተኛውን። የቤት ኪራይ የማይቀር ወጪ ነው፤ ምግብም እንዲሁ። ክፍያውን ዝቅ ለማድረግ የፈለገ ባለቤት የሚነካው ሁለት ነገር ነው፤ ወይ የሕፃናቱን ቁጥር ያበዛል፣ ወይ የሞግዚቷን ደመወዝ ይቀንሳል። ደመወዟ ያነሰ ሞግዚት የተሻለ ሥራ ስታገኝ ትሄዳለች፤ ሕፃኑም የለመደውን ፊት ያጣል። ሁለቱም ለጎብኚ አይታዩም። ግድግዳው ግን በዚያው ዓመት እንደገና ሊቀባ ይችላል።

የእንግሊዝኛውን ጉዳይ በዚሁ መነጽር እንየው። ወላጅ እንግሊዝኛ የሚፈልገው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ አንዳንድ የግል ትምህርት ቤቶችም ለአንደኛ ክፍል ሲቀበሉ ይፈትናሉ። ስሌቱ ትክክል ነው። ነገር ግን እንግሊዝኛ አፏን ያልፈታችበት ሞግዚት በእንግሊዝኛ ብቻ ተናገሪ ስትባል ንግግሯ ወደ ትእዛዝ ይጠባል፤ «ሲት ዳውን»፣ «ካም ሂር»፣ «ስቶፕ» ብቻ ይቀራል። «ለምን ይመስልሃል?»፣ «ከዚያስ ምን ሆነ?» የሚለው ጨዋታ ይጠፋል። ወላጅ ቋንቋ ገዛሁ ሲል ልጁ ንግግር ያጣል። በአፍ መፍቻ ቋንቋው በደንብ የሚተርክ ልጅ ሌላውን ቋንቋ የሚያሳርፍበት መሠረት አለው፤ መሠረቱ ሳይጣል ጣሪያ አይሠራም።

ታዲያ ወላጅ ምን ያድርግ? በማስተምረው የሕፃናት እድገት ኮርስ ተማሪዎቼን አንድ ሰዓት በአንድ ክፍል ጥግ ተቀምጠው አንድ ነገር ብቻ እንዲቆጥሩ አዛቸዋለሁ፤ ልጅ ተናግሮ ወይም ድምፅ አሰምቶ ትልቅ ሰው ስንት ጊዜ መለሰለት? ወላጅም ይህን በመጠኑ ሊያደርገው ይችላል። ጉብኝቱን ጠዋት በአቀባበል ሰዓት ሳይሆን በምሳና በመኝታ ሰዓት ያድርግ፤ የሰው እጥረት የሚገለጠው ያኔ ነው። ባለቤቱን ብቻ ሳይሆን ልጁን የምትይዘውን ሞግዚት ያነጋግር፤ ከመጣች ስንት ጊዜ እንደሆናት፣ ስንት ልጅ እንደያዘች፣ ስትታመም ማን እንደሚተካት ይጠይቅ። ሞግዚቷ ልጅ ስታናግር ዝቅ ብላ በዓይኑ ትክክል ትሆናለች ወይስ ከላይ ትጣራለች? እጅ መታጠቢያው ውሃ አለው? ልጆቹ በቀን ስንት ጊዜ ፀሐይ ያገኛሉ? ወላጅ ሳይነግር ቢመጣ በሩ ይከፈትለታል? ለአራት ዓመት ልጅ የሚሰጠው የቤት ሥራ ብዛት የጥራት ምልክት ሳይሆን የጨዋታ ሰዓት መጉደል ምልክት ሊሆን እንደሚችልም ያስብበት።

ሆኖም ሁሉን በወላጅ ትከሻ ላይ መጫን ፍትሐዊ አይደለም። ለሥራ በጠዋት ወጥታ በምሽት የምትመለስ እናት በምሳ ሰዓት ጉብኝት ለማድረግ ፈቃድ ማን ይሰጣታል? ለአንድ ማቆያ ብቻ የሚበቃ ገንዘብ ያላት ምን ታወዳድራለች? ወላጅ ማየት የማይችለውን የማየት ግዴታ ያለበት ፈቃድ ሰጪው አካል ነው። የመድኃኒትን ንጥረ ነገር እያንዳንዱ በሽተኛ እንዲመረምር አንጠብቅም፤ የሕፃናት ማቆያም ከዚህ አይለይም። ቢያንስ አንዲት ሞግዚት የምትይዘው የሕፃናት ቁጥርና የሞግዚቶቹ የቆይታ ጊዜ በየተቋሙ በር ላይ ቢለጠፍ የማይታየው መታየት ይጀምራል፤ ባለቤቱም በግድግዳ ቀለም ፋንታ በዚያ ይወዳደራል።

ለተማሪዎቻችን የማስተላልፈው ጥሪ እዚሁ ላይ ነው። በጥቅሉ የትምህርት ሚኒስቴር ትኩረት ከአራት ዓመት ወዲያ ባሉት፣ የጤናው ዘርፍ በክትባትና በምግብ ላይ ነው። ከሦስት ወር እስከ ሦስት ዓመት ባለው ጊዜ ሕፃኑ ቀኑን ከማን ጋር፣ እንዴት እንደሚያሳልፍ የሚጠይቅ የጥናት ወረቀት ሲበዛ የፖሊሲ ጥያቄም ይበዛል። የመመረቂያ ርእስ የምትፈልጉ ቢያንስ አንዳችሁ ማስታወሻ ደብተር ይዛችሁ በአንድ ማቆያ ጥግ ተቀመጡ፤ የግድግዳውን ሥዕል አትቁጠሩ፤ መልስ ያገኘውን የሕፃን ድምፅ ቁጠሩ።