ኔት ሲቆረጥ ገበያም ይቆረጣል

እዚህ ሄልስፊርም ሆነ በሌላው የኦስሎ ሰፈር ሱቅ፣ ምግብ ቤት ወይም ፀጉር ቤት ያላችሁ ወገኖች፣ የወር ወጪ ስትደምሩ ኢንተርኔቱን ከኪራይና ከመብራት እኩል ቁጠሩት። ዛሬ ያለ እሱ ሒሳብ መቀበልም ግብር ማሳወቅም ይከብዳል።

እስቲ አንድ የሥራ ቀን እንይ። ጠዋት ዕቃ በኔት ይታዘዛል። ሄልስፊር ቢሮ የበዛበት ሰፈር ነው፤ ምሳ ሰዓት ላይ ሰው ስልኩን አውጥቶ በአቅራቢያው የሚበላበት ቤት ይፈልጋል። ጉግል ካርታ ላይ የመክፈቻ ሰዓታችሁ ከሌለ በራችሁን አልፎ ይሄዳል። ፉዶራና ቮልት ትዕዛዝ ይልካሉ፤ የገባው በላተኛም በካርድ ወይም በቪፕስ ይከፍላል። ማታ ደግሞ ሽያጩ ተጠቃሎ ወደ ሒሳብ ፕሮግራሙ ይሄዳል፤ ተቀምጦ ለበላ 25 በመቶ፣ ይዞ ለሄደ 15 በመቶ ሞምስ ተለይቶ ይያዛል። የግብር መሥሪያ ቤቱ ሕንፃ እዚሁ ሄልስፊር፣ ፍሬድሪክ ሴልመርስ ቬይ ላይ ነው። ጎረቤት ብንሆንም ወረቀት ተሸክሞ የሚሄድ የለም፤ በባንክአይዲ ተገብቶ ይላካል።

አገር ቤትም ነገሩ ወደዚሁ እየሄደ ነው። ቴሌብር በ2021 እ.ኤ.አ. ከተጀመረ ወዲህ ትንንሽ ሱቆች ሳይቀሩ በስልክ ሒሳብ ይቀበላሉ።

እንግዲህ ሻጩ ሁሉ የሚነግራችሁ ስለ ፍጥነት ነው። ለትንሽ ንግድ ግን ከሁሉ የሚበልጠው የማይቆረጥ መስመር ነው። ስለዚህ አራት ነገር ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ፍጥነት ሁለት ቁጥር አለው፤ አንዱ የሚገባው፣ ሌላው የሚወጣው። የጥበቃ ካሜራና የምግብ ፎቶ የሚልኩት በሚወጣው ነው። ፋይበር ብዙ ጊዜ ሁለቱንም እኩል ይሰጣል። የምትከፍሉበትን ፍጥነት ማግኘታችሁን ኤንኮም በሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት "ኔትፋርት" ላይ በነፃ መለካት ትችላላችሁ። ስትለኩ ኮምፒውተሩን በገመድ አገናኙት፤ ዋይፋይ ሊያሳስታችሁ ይችላል።

ሁለተኛ፣ የእንግዳውን ዋይፋይ ከካሳውና ከካርድ ማሽኑ ለዩ። አለበለዚያ ልጆች ጓዳ ሆነው ጌም ሲያወርዱ ፊት ለፊት ያለው ሰው ካርዱን ይዞ ይጠብቃል። ለደኅንነትም ይሻላል።

ሦስተኛ፣ መጠባበቂያ ይኑራችሁ። እኛ ቤት አንድ አርብ ማታ መንገድ ሲቆፈር ገመዱ ተቆረጠ። ቤቱ ሙሉ ነው፣ ማሽኑ ዝም። በስልካችን ኔት ባንቀጥል ኖሮ የምሽቱ ገበያ በዱቤ ይሄድ ነበር። የስልኩ ኔት ከሌላ ኩባንያ ቢሆን ይመረጣል፤ ሁለቱ አብረው የመጥፋታቸው ዕድል ይቀንሳል። ካርድ ማሽናችሁ የራሱ ሲም ካርድ እንዳለውም ጠይቁ። ዝርዝር ገንዘብም አይጥፋ፤ ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ሕጉ ደንበኛው በጥሬ ገንዘብ የመክፈል መብቱን አጠናክሮለታል፤ ኔት ሲጠፋ ደግሞ ለእኛም ይደርስልናል።

አራተኛና ዋናው፣ ውሉ። ለቤታችሁ በስልክ ስትገዙ የ14 ቀን የመመለስ መብት አላችሁ። በድርጅታችሁ ስም ስትገዙ ግን ያ የሸማች መብት የለም። ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ደውሎ "እሺ በሉ ብቻ" የሚላችሁ ሰው ይኖራል። እሺ አትበሉ። "በጽሑፍ ላኩልኝ" በሉና ስልኩን ዝጉ። ወረቀቱ ሲመጣ ለስንት ወር እንደሚያስራችሁ፣ ከቅናሹ በኋላ ዋጋው ስንት እንደሚሆን፣ መስመሩ ሲበላሽ በስንት ሰዓት እንደሚጠግኑ እዩ።

ልጆች፣ እናንተ ኖርዌጅኛውን ከእኛ ይልቅ ታነባላችሁ። አባባ ወይም እማማ እንዲህ ያለ ወረቀት ሲደርሳቸው አጠገባቸው ተቀመጡና ቀስ ብላችሁ አንብቡላቸው። አጠር አድርጋችሁ አትንገሯቸው፤ ትንንሹን ጽሑፍ ጭምር አንብቡ። ወላጆችም ገብቷችሁ እስኪያልቅ ጠይቁ። ፊርማው የእናንተ ነው፤ ዕዳውም እንደዚያው።