ሳምባም ተከላካይ ይፈልጋል!

ኃይሌ ገብረሥላሴ ምን ፈርቶ ያውቃል? ተፎካካሪ እንዳትሉን! በመጋቢት 2000 ዓ.ም. ጀግናው በቤጂንግ ኦሊምፒክ ማራቶን እንደማይሮጥ ሲያሳውቅ ያስፈራው የከተማዋ የተበከለ አየር ነበር። አስም ስላለበት ማራቶኑን ትቶ በ10 ሺህ ሜትር ብቻ ተሰለፈና 6ኛ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ፣ መስከረም 18 ቀን 2001 ዓ.ም. በርሊን ላይ 2፡03፡59 ገብቶ የራሱን የዓለም ክብረ ወሰን አሻሻለ። ሳምባውን ያዳነ ሰው እግሩንም አዳነ ማለት ነው።

እንግዲህ ለሁለት ሰዓት ሩጫ ይህን ያህል ከተጠነቀቁ፣ ቀኑን ሙሉ የቀለም ብናኝ ሲምግ ስለሚውለው የሰፈራችን የክንፍ ተጫዋች ማን ይጨነቅ?

በጊንጪ፣ በአምቦ፣ በጉደርም ሆነ በጌዶ ኳስ የሚጫወተው ወጣት እንጀራው ሌላ ነው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ጋራዥ ወይም ብረታ ብረት ቤት ስፕሬይ ሲነፋ ይውልና እሁድ ማሊያ ይለብሳል። አምቦ ከባህር ጠለል በላይ 2100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ እንደ ቆላው አይበረክትም። እዚያ ላይ የታመመ ሳምባ ሲጨመርበት 60ኛው ደቂቃ ላይ ልጁ ጉልበቱን ይዞ ያጎነብሳል። ደጋፊው «ልምምድ አይሠራም!» ይላል። ዳኛው ያላየው ጥፋት ግን ጋራዡ ውስጥ ነው የተሠራው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፕረሰሩ ቀለሙን በዓይን እስከማይታይ ድረስ ያደቅቀዋል፤ ከዚያ ውስጥ ደቃቁ እስከ ሳምባ ጥግ ይደርሳል። ቲነሩ ደግሞ ተንኖ ራስ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል። ከሁሉም የከፋው በመኪና ቀለም ላይ የሚጨመረው ሃርድነር ነው። በብዙዎቹ ውስጥ አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል አለ፤ በሥራ ምክንያት ለሚመጣ አስም ከዋነኞቹ መንስኤዎች አንዱ ነው። ሽታው አያስጠነቅቅም፤ ሳሉና የደረት መጨነቁ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ማታ ነው። አንዴ ሰውነት ከተቆጣ በኋላ ጥቂቱም ይበቃዋል። ይህ ቢጫ ካርድ ሳይሆን ቀጥታ ቀይ ነው!

«ወተት ጠጥቼ አጥበዋለሁ» የሚሉ አሉ። ወተት ጨጓራ ነው የሚገባው፤ ቀለሙ ያለው ሳምባ ላይ ነው! ሻርፕ መጠምጠምም፣ በኮሮና ጊዜ የለመድነው የጨርቅ ጭምብልም የቲነርን ትነት አያቆሙም። በረኛ ሳይኖር መረቡን ሻሽ እንደማልበስ ነው።

ታዲያ አሰላለፉ ምን ይሁን? መጀመሪያ አየሩ። በርና መስኮት ፊት ለፊት ተከፍቶ ንፋሱ ከጀርባችሁ ገብቶ ብናኙን ወደ ውጭ ይውሰደው፤ የሌላ ሰው ደጃፍና መስኮት ግን እንዳይሆን። የቲነር ትነት ከአየር ይከብዳልና ወለል ላይ ይተኛል፤ ከላይ ያለች ትንሽ ቀዳዳ አታወጣውም። እሳት፣ ሲጋራ፣ ብየዳ በአጠገቡ አይታሰብ። ተራ ቬንትሌተርም የእሳት ብልጭታ ሊፈጥር ይችላልና ትነቱ መሐል አይገተር።

ቀጥሎ በረኛው፣ ማለትም ጭምብሉ። ለተራው ቀለም የከሰል ማጣሪያና የብናኝ ማጣሪያ አንድ ላይ ያለው፣ ፊት ላይ ግጥም የሚል ይሁን። ጺም ካለ በጎን ያስገባል። ሥራ ሲያበቃ በፌስታል አሽጎ ማስቀመጥ፣ ሽታ ካለፈ ወዲያው መቀየር። ሃርድነር ላለበት ቀለም ግን ይህም አያስተማምንም፤ ንጹህ አየር በቱቦ የሚሰጥ ጭምብል ያስፈልገዋል። እሱ ከሌለ ሃርድነር የሌለውን ቀለም መምረጥ፣ ወይም በብሩሽ መቀባት ይሻላል።

የቡድን መሪዎችም እስኪ አንድ ነገር ልብ በሉ። ማሊያና ኳስ ለመግዛት ገንዘብ ስታዋጡ፣ ስፕሬይ ለሚነፋው ልጃችሁ ጭምብልም ይታሰብ። ሌሊት ሌሊት እያሳለ የሚያድር ተጫዋች ካለ ደግሞ ከተቀያሪ ወንበር በፊት ወደ ሐኪም ይላክ፤ ሥራው ምን እንደሆነም ለሐኪሙ ይንገር። እግር ቢሰበር ይጠገናል፤ ለሳምባ ግን ተቀያሪ የለውም።