ከብዙ ኔጋቲቭ አንድ ፎቶ

ደብረ ታቦር ውስጥ አንድ ፎቶ «ኤዲት ነው» ከተባለ አበቃለት፤ ውሸትም ነው፣ ጥበብም አይደለም። ቅንብር ፎቶ የምወድ ሰው ነኝና ይህ ፍርድ ዘወትር ያበሳጨኛል። የካሜራው መዝጊያ አንዴ ተከፍቶ ሲዘጋ የተገኘው ምስል ቀጥታ ፎቶ ነው፤ ከሁለት ወይም ከዚያ በላይ ምስሎች ተዋሕዶ የተሠራው ደግሞ ቅንብር ነው። ስለ ትርጉሙ ይህ ይበቃል።

ብዙ ሰው ቅንብር ከኮምፒዩተር ጋር የመጣ ይመስለዋል። ክረምቱ ሲወጣ የጉናን ተራራ ያነሣ ሰው ግን ቅንብርን የወለደው ችግር ከየት እንደሚጀምር ያውቃል። ለማሳው በሚበቃው ብርሃን ካነሡ ሰማዩ ነጭ ወረቀት ይሆናል፤ ለደመናው ካስተካከሉ ማሳው ይጠቁራል። በ1850ዎቹ እ.ኤ.አ. የነበሩት የመስታወት ኔጋቲቮች ለሰማያዊ ቀለም እጅግ ስሱ ስለነበሩ ችግሩ የባሰ ነበር። ፈረንሳዊው ጉስታቭ ለ ግሬ ስለዚህ አንዳንድ የባሕር ፎቶዎቹን ከሁለት ኔጋቲቭ፣ ውሃውን ከአንዱ፣ ሰማዩን ከሌላው፣ በአንድ ወረቀት ላይ አተመ። ዛሬ ይህንኑ ሥራ ስልካችን ሳይጠይቀን ይሠራዋል፤ አንዴ ስንነካው ብዙ ምስል በፍጥነት አንሥቶ ያዋሕዳል። በቡሄ ማታ የሚወዛወዝ ችቦ የያዘ ልጅ በስልክ አንሡና ጠርዙን አጉልታችሁ እዩት፤ አንዳንዴ ክንዱ ሁለት ሆኖ፣ አንዳንዴ ጣቱ ጠፍቶ ታገኙታላችሁ፤ ምስሎቹ የተገጠሙበት ስፌት ነው። «እኔ ፎቶዬን አልነካካም» የሚሉ ባለስልኮች ይህን ቢያውቁ መልካም ነበር።

ሰማይ ከመሙላት አልፎ ቅንብርን ራሱን ጥበብ ያደረጉት በእንግሊዝ ይሠሩ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ኦስካር ሬይላንደር በ1857 እ.ኤ.አ. «ሁለቱ የሕይወት መንገዶች» የተባለውን ትልቅ ፎቶ ከሠላሳ በላይ ኔጋቲቭ አዋሕዶ አወጣ፤ ንግሥት ቪክቶሪያ ገዙት። በዓመቱ ሄንሪ ፒች ሮቢንሰን በሞት አፋፍ ላይ ያለች ልጅ የሚያሳይ ፎቶ ከአምስት ኔጋቲቭ ሠራ፤ ተመልካቹ ተከፋ። በቀለም ቢሳል ኖሮ ማንም ምንም ባላለ ነበር፤ ያስከፋው ፎቶ መሆኑ ነው።

አሁን ወደ አገራችን ልጅ ልምጣ። ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ በ1861 እ.ኤ.አ. እዚሁ ደብረ ታቦር ተወለደ። በሚያዝያ 1868 እ.ኤ.አ. አባቱ ዐፄ ቴዎድሮስ የእንግሊዝ ጦር ሲዘምትባቸው መቅደላ ላይ ራሳቸውን ገደሉ፤ በግንቦት እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ከእንግሊዞች ጋር በመጓዝ ላይ ሳሉ ዐረፉ፤ በሐምሌ የሰባት ዓመቱ ልጅ በእንግሊዝ አገር፣ በዋይት ደሴት፣ ከፎቶ አንሺዋ ከጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ካሜራ ፊት ተቀመጠ። የካሜሮን ፎቶ ደቂቃዎች ይፈጅ ስለነበር ልጁ ያን ያህል ጊዜ ሳይንቀሳቀስ መቆየት ነበረበት። በአንዳንዶቹ ፎቶዎች አብሮት ያለው አሳዳጊው ካፒቴን ስፒዲ ነው፤ እንግሊዛዊው ወታደር የሐበሻ ልብስ ለብሷል። ምንም ነገር አልተቆረጠም፣ አልተቀጠለም፤ ፎቶው አንድ ኔጋቲቭ ነው። ነገር ግን ልብሱ፣ አቀማመጡ፣ ከልጁ ጎን ማን እንደሚሆን፣ ሁሉም በሌሎች የተወሰነ ነው። ወላጆቹን በሁለት ወር ውስጥ ያጣ ልጅ፣ አባቱን ለመውጋት ከዘመተው ጦር ጋር ከነበረ መኮንን ጎን ተቀምጦ፣ ሁለቱ እንደ አባትና ልጅ ይታያሉ። «ያልተነካካ ፎቶ እውነት ነው» ለሚለኝ ሁሉ የማሳየው ይህንን ነው። ካሜሮንን ግን አልወቅስም፤ የልጁን ኀዘን ፊቱ ላይ ጠብቃ ያቆየችልን እሷው ናት።

የእኛ ከተማ ፎቶ ቤቶች የሚሠሩት ቅንብር ደግሞ ሌላ ቁም ነገር አለው። የተመረቀች ልጅ ከሞተ አባቷ ጎን ትቆማለች፤ አረብ አገር ያለች እህት በወንድሟ ሠርግ ላይ ትገኛለች። እንዲህ ያለውን ሥራ የሚያስከብረው ወይም የሚያዋርደው ጥላው ነው። በእኩለ ቀን ፀሐይ የተነሣ ሰው ከአፍንጫው ሥር ጥላ አለው፤ በፎቶ ቤት መብራት ከፊት የተነሣ የለውም። ሁለቱን ጎን ለጎን ማቆም በግድ ማጋባት ነው። ከጥላው የሚከብደው ነጠላ ነው፤ ስስ ስለሆነ የድሮው ግድግዳ በውስጡ ያልፋል። አንድ ጊዜ የአንዲት እናት ፎቶ አየሁ፤ ጎርፍ የሚያህል ፏፏቴ ከኋላቸው ተደርጎላቸዋል፣ በነጠላቸው ውስጥ ግን የፎቶ ቤቱ አረንጓዴ መጋረጃ ይታያል። ጎበዝ ባለሙያ ነጠላውን በስሱ ከፍቶ አዲሱን መልክዓ ምድር ያሳልፍበታል፤ ለዚህ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ጉና ከደንበኞቻችሁ በስተጀርባ ቆሞ ሳለ የስዊዘርላንድ ሐይቅ የምትለጥፉላቸው ግን እባካችሁ ተዉ።

በነገራችን ላይ፣ የፎቶ አንሺዋን የአይዳ ሙሉነህን ሥራዎች ቅንብር አድርገው የሚያዩ አሉ። የሞዴሎቿን ፊት በቀለም ቀብታ፣ ልብሱን አሰፍታ፣ ትዕይንቱን ከካሜራው ፊት ትሠራዋለች እንጂ ጥበቧ ከኋላ የሚቀጠል አይደለም።

ሰው ቅንብርን የሚፈራው ያለ ምክንያት አይደለም። ልጅ ኢያሱ በመስከረም 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ የሙስሊም ልብስ ለብሰው ያሳያል የተባለ ፎቶ ተሠራጭቶ ነበር፤ የተቀጣጠለ ነው የሚል ክርክርም አብሮት ኖሯል። አሁን ደግሞ በየስልኩ «የዐፄ ቴዎድሮስ እውነተኛ ፎቶ» የሚባል ይዞራል። የንጉሡ መሆኑ የተረጋገጠ ፎቶግራፍ የለም፤ ያሉት በእጅ የተሳሉ ሥዕሎች ናቸው። ሹሩባቸውን አሳምሮ በኮምፒዩተር መሥራት ይቻላል፣ እኔም ደስ ብሎኝ አያለሁ፤ «እውነተኛ ፎቶ» ብሎ መጻፍ ግን ማጭበርበር ነው።

ፎቶ ቤት ላላችሁ አንድ ነገር ልለምን። የሞተውን ከቆመው ጋር አጣምራችሁ ስታስረክቡ፣ የተጣመሩትን ሁለቱን ፎቶዎች ሳትቆርጡ አብራችሁ ስጡ፤ በቅንብሩ ጀርባም ማን መቼና የት እንደተነሣ ጻፉ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ የልጅ ልጅ «አያቴ በእናቴ ምርቃት ላይ ነበሩ?» ብላ ስትጠይቅ የሚመልስላት ያ ጽሑፍ ብቻ ይሆናል።